ከግራሩ ሥር ያጎነበሰው

አዋሽ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣው ተሳቢ ያልፋል፣ ባዶውን የሚወርደውም ያልፋል። ሾፌሩ ፊቱን ይታጠባል፣ ረዳቱ ጎማውን በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል፣ ቁርሳቸውን በልተው ይሄዳሉ። ሁሉም በሚሄድባት በዚህች ከተማ ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ እንዳልል የተደረግኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄ አልታሰረም፣ በር አልተቆለፈብኝም። በእናቴ ቁርስ ቤት ደጃፍ ላይ ሽርጤን ታጥቄ፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ የሚሄደውን ሰው ሳይ ነው የከረምኩት። መታፈን ምን እንደሆነ ያወቅኩት ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ፊቴን እየጠበሰኝ ነው።

እዚያ ያስቀመጠኝ በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር። ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ያኔ ሥራዬ ሰመራ ነበር። መሥሪያ ቤታችን፣ ስሙ ይቅር፣ የአካባቢውን የቃል ታሪክ ይሰበስባል። እያንዳንዱ ጎሳ የመጀመሪያ አባቱ ከየት እንደመጣ፣ በዚያም ምክንያት ምን እንደሚያርድ፣ የት እንደሚጸልይ፣ ማንን እንደሚያገባ የሚናገረውን መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አዋሽ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ አፋርኛን ከአማርኛ እኩል ስለምናገር ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ይመስለኝ ነበር። ትዕቢት ነበረብኝ፣ አልክድም። የቡድን መሪዬም ቢሆን ከእኔ ቀድሞ ስለ አፋር አንድ ነገር ሲናገር ደስ አይለኝም ነበር።

ከአዋሽ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ አራት ጎሳዎች የሚጋሩት ትልቅ ግራር አለ። ታሪኩን የሚናገሩት ሽማግሌ ከግራሩ ብዙም ሳይርቁ ነው የሚኖሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የግመል ወተት ሰጡኝ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁና ጀመሩ።

«ሰው ነበረ፣ ከብትም ነበረ» አሉኝ። «ግን ማን የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ሲነጋ አንድ ሰው ግራሩ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ውረድ አሉት። አልወርድም አለ። ከብት እንስጥህ አሉት፤ አልወርድም። ልጅ እንዳርልህ አሉት፤ አልወርድም። ምን ትፈልጋለህ ታዲያ? ሲሉት፣ እግሬ መሬት ከመንካቱ በፊት ሰው መንካት አለበት አለ። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሰው አጎነበሰ። ጀርባውን ረግጦ ወረደ፤ ዝናቡም ተከትሎት ወረደ። እኛ ሁላችን የሱ ልጆች ነን።»

«ያጎነበሰውስ አባ? የማን ወገን ነበር?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «እሱ አይነገርም።»

«ለምን?»

«ከተነገረ ሌላው ለምን ያጎነብሳል?»

እንግዲህ መልሱን ነግረውኝ ነበር። የሚሰማ ጆሮ ቢኖረኝ ያን ቀን ደብተሬን ዘግቼ ወደ ቤቴ በሄድኩ ነበር። እኔ ግን ማስታወሻዬ ላይ «መረጃ ሰጪው አያስታውሱም» ብዬ ጻፍኩ። ከመሄዴ በፊትም የመሥሪያ ቤቱን ባዶ ቅጽ አውጥቼ በአውራ ጣታቸው አስፈረምኳቸው። እንደዚያ ነበር የምንሠራው። አርብቶ አደር ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቅጹን ሞልተህ ስትመለስ ስለማታገኘው መጀመሪያ ታስፈርማለህ፣ ከዚያ ቢሮህ ቁጭ ብለህ ትሞላለህ። ማናችንም ነውር ነው ብለን አስበን አናውቅም። ሽማግሌው ሐምራዊ የሆነውን ጣታቸውን አሸዋ ላይ ጠረጉት፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

በሌላ ጊዜ፣ ይህ ታሪክ በየዓመቱ በሥርዓት ሲፈጸም በዓይኔ አየሁ። ከክረምቱ ዝናብ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ሰው ግራሩ ላይ ወጥቶ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ስትወጣ ሰዎቹ ከሥሩ ይሰበሰቡና ውረድ ይሉታል፤ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ማን እንደሚያጎነብስ አስቀድሞ አይመከርም፣ ዕጣ አይወጣም። ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል፣ የአንዱ ልብ ይመጣና ራመድ ብሎ ያጎነብሳል። የተቀመጠው ሰው ጀርባውን ረግጦ ይወርዳል። ዱዓ ይደረጋል፣ በግ ይታረዳል፣ ሥጋው እኩል ይከፈላል። ሁሉም መሬት ሲያይ ስለነበረ ማን እንዳጎነበሰ ያየ የለም። በማግስቱም አይነሳም፤ ዳጉ ላይ እንኳ አይነገርም።

ዳጉን ለማያውቅ እዚህ ላይ ልንገረው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይጨባበጡና ቁጭ ይላሉ። አንዱ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይላል። ሌላው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ፣ ከማን እንደሰማም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ይናገራል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደሞተ፣ የጠፋ ግመል የት እንደታየ በዚህ መንገድ ነው ከአፋምቦ አዋሽ የሚደርሰው። ከራሱ የጨመረ ሰው አይደበደብም። እጁ ይጨበጣል፣ ግን አይጠየቅም። ልጅ ሆኜ ይህ ቅጣት ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ሁሉም መሬት ሲያይ እኔ ቀና ብዬ አየሁ። ሥራዬ ማየት ነው ብዬ ነዋ! ያጎነበሰው ቡናማ ካናቴራ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ወደ ከተማ ስንመለስ የመኪናችንን ሾፌር የማን ጎሳ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እሱም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነገረኝ።

ሰመራ ተመልሼ ቅጹን ስሞላ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የቢሮው አየር ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ መስኮት ከፍተናል፣ የሚገባው አየር ከመጋገሪያ የወጣ ነው። ሰባተኛው ረድፍ «ድርጊቱን የፈጸመው ጎሳ» ይላል። ባዶ ከተውከው ኮምፒውተሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። የቡድን መሪዬ መለሰው። «አይታወቅም እየተባለ ቅርስ አይመዘገብም፤ በናትህ ጨርሰውና ሸክሙ ይውረድልን» አለኝ። እኔም ዛሬ ያጎነበሱት እነሱ ከሆኑ ድሮም እነሱ ቢሆኑ ነው ብዬ የዚያን ባለ ቡናማ ካናቴራ ጎሳ ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የሽማግሌው ስም፣ ከስሙ ሥር የአውራ ጣታቸው አሻራ ነበር። ኮምፒውተሩ አሳለፈኝ፣ እኔም ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ታሪኩ በሁለት ቋንቋ የተጻፈበት የብረት ታፔላ ግራሩ አጠገብ ተተከለ። ግርጌው ላይ «ታሪኩን የነገሩን» ተብሎ የሽማግሌው ስም ተጽፎበታል። አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ እያየሁት እናደዳለሁ እንጂ ልሰርዘው አልቻልኩም።

ቀጥሎ የሆነውን አላየሁም፣ ሰማሁ፤ የሰማሁትም ከእናቴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የተለመደው ሰው ግራሩ ላይ ወጣ። ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። ጸጥ አለ። ማንም አላጎነበሰም። ሦስቱ ጎሳዎች የነሱ ነው፣ ተጽፏል ብለው ቆሙ። ስማቸው የተጻፈው ደግሞ አባታችን የሰው መረገጫ ነበር ማለት ነው? ብለው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። የተቀመጠው ሰው ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ጠበቀና በግንዱ ተንሸራቶ ወረደ። እግሩ መጀመሪያ የነካው መሬቱን ነበር። በጉ ሳይታረድ ተመልሶ ሄደ። ያን ዓመት ዝናቡ ጣለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እኔ በዚህ ነገር አላምንም፤ ግን ሰመራ ሆኜ በየጠዋቱ ሰማይ ማየት ጀምሬ ነበር።

ለአረፋ ፈቃድ ወስጄ አዋሽ ስገባ ሽማግሌውን በእናቴ ቁርስ ቤት አገኘኋቸው። ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሁለት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ አጠገባቸው የነበረውን ሰው ጨበጡት፣ ቁጭ አሉና ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባባሉ፤ ረጅም ወሬ ነበር። ከዚያ ተነሥተው እሳቸውን ጨበጧቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ሊከፍቱ ተዘጋጅተው ነበር። ሰዎቹ እጃቸውን መልሰው ወስደው ሄዱ። ሌላ ሰው መጣ፣ እሱም እንደዚያው። እናቴ ሻዩ ላይ ስኳር ጨምራ አቀረበችላቸው። አንጀቴን በሉት።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳት ወደ ጓዳ ገብቼ።

«አልሰማህም እንዴ? ለዚያ ታፔላ ያልነበረ ነገር ተናግረዋል ተብለው ነው። የሰው አባት መረገጫ ነበር ብለው። ወላሂ እኔ አላምንም! ሃያ ዓመት ሻይ ሳፈላላቸው አንድ ቀን ቃል ሲያዛቡ አላየሁም። አሁን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት በእግር መጥተው እዚያ ቁጭ ይላሉ። አንድ ሰው ይጠይቀኝ ይሆናል ብለው እኮ ነው!»

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ልናገር ነው የተቀመጥኩት። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፣ እጄን ያዙና «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉኝ። ከተማው ውስጥ ያልናቃቸውን ሰው አግኝተው ዳጉ ሊለዋወጡ ነው። ቅጹን አሰብኩ፣ አሻራውን አሰብኩ፣ ሥራዬን አሰብኩ፣ ስማቸው በተጻፈው ጎሳ መካከል የምትኖረውን እናቴን አሰብኩ። «ሰላም ነው አባ» አልኩ። «ከሰመራ ነው የመጣሁት። እዚያ ከባድ ሙቀት ነው።» እሳቸውም በትዕግሥት የሰመራን ሙቀት ሰሙኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ሰመራ ልሄድ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። አንደኛው ጢማቸውን በሂና የቀቡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ስለ ታፔላው የአራቱ ጎሳ ሸንጎ ሊቀመጥ ነው፣ የጻፍከው አንተ ስለሆንክ ትጠየቃለህ፤ ከሩቅ የሚመጡ ስላሉ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ከአዋሽ እንዳትወጣ አሉኝ። «ቃልህን ስጠን» አሉ። ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ሰጠሁ። ባልሰጥ የሚያስገድደኝ ፖሊስ አልነበረም። ግን እናቴ በዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችው ቃሏን የሚያምኗት ሰዎች መካከል ነው፣ የእኔ ቃል ሲሰበር የሷም አብሮ ይሰበራል።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ሳስባቸው አሁንም ትንፋሼ ያጥረኛል። ሾፌሮቹ ሲሄዱ ያዩኛል፣ ከጅቡቲ ሲመለሱም እዚያው ያገኙኛል። «አንተ፣ ወንበሩ ላይ በቀልክ እንዴ?» ይሉኛል፣ እስቃለሁ። ሽማግሌው በየጠዋቱ ይመጣሉ። በየጠዋቱ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይሉኛል። እኔ የማወራው ሲያልቅብኝ ስላለፉት መኪኖች እነግራቸው ጀመር፤ ስንት እንደቆሙ፣ የትኛው ጎማ እንደፈነዳ። ሁሉንም እንደ ትልቅ ነገር ያዳምጣሉ። በሚያዳምጡኝ ቁጥር ራሴን እጠላው ነበር።

የቡድን መሪዬ በየቀኑ ይደውላል። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ነገሩን ስነግረው ግን ተረጋጋ።

«አሻራው አለ አይደል?» አለኝ።

«አለ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ቅጹን በመልእክተኛ ልክልሃለሁ። አሳያቸው፣ ዝም በል፣ ና። አንተ የሰማኸውን ጻፍክ፣ ጣቱን ያሳረፈው እሱ ነው።»

«ያኔ እኮ ቅጹ ባዶ ነበር።»

«እሱን ማን ያውቃል?» አለና ዘጋው።

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። ቅጹ በማግስቱ በአንድ አይሱዙ ሾፌር እጅ ደረሰ። ለእናቴ የነገርኳት ያን ቀን ነው። ፉል እየደፈጠጠች ነበር፤ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «እኔን ብለህ ከሆነ ዝም ያልከው፣ እኔን አትበል» አለችኝ። «ቁርስ ቤት የትም ይከፈታል። እኚህን ሰውዬ ግን በየቀኑ ሻይ እያፈላሁ ላያቸው አልችልም። ያ ረቢ! ምን አድርገውህ ነው?» ምንም አላደረጉኝም። ወተት ሰጥተውኛል፣ ታሪክ ነግረውኛል፣ ይኸው ነው።

ሸንጎው ከከተማው ዳር ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ባለ ሂናው ሽማግሌ ነበሩ የሚጠይቁት። ቅጹን ከእጄ ተቀብለው አንድ የተማረ ወጣት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረጉ። ሰባተኛው ረድፍ ሲነበብ ስማቸው የተጠራው ጎሳ ሰዎች ዱላቸውን መሬት ላይ ወጉ። ከዚያ ቅጹን ወደ ሽማግሌው አዞሩት።

«ይህ ጣት ያንተ ነው?»

ሽማግሌው አሻራውን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን አውራ ጣት አዩ። «የኔ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ወረቀቱ ባዶ ነበር አላሉም፤ ይህ ልጅ ዋሽቷል አላሉም። ለምን እንዳላሉ በኋላ ነው የገባኝ። የተጠየቁት ስለ ጣታቸው ነበር፣ የተጠየቁትን መለሱ። ቤታቸው ወተት የጠጣን ሰው ደግሞ እሱ ራሱ ተቀምጦ እያለ በሰው ፊት ውሸታም አይሉትም። ወደ እኔ ዞረው እንኳ አላዩም።

ባለ ሂናው ወደ እኔ ዞሩ። «አይተሃል?»

«ያጎነበሰውን ነው? የመጀመሪያውን አላየሁም።»

«ሰምተሃል?»

ቅጹ መካከላችን አሸዋው ላይ ነበር፣ ነፋሱ ጫፉን ያርገበግበዋል። ከመንገዱ የተሳቢ ጥሩምባ ይሰማል። አዎ ብል ያን ዕለት ማታ ሰመራ ነኝ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «እሳቸው አይነገርም ነው ያሉኝ። ከማንም አልሰማሁም፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጣታቸውን ሲያሳርፉ ወረቀቱ ባዶ ነበር።»

ከዚያ ባለ ሂናው «ለምን ጻፍከው?» አሉ፤ ከቁጣ ይልቅ የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

«ቦታው ባዶ ስለነበረ።»

«ባዶው እኮ የኛ ነበር» አሉ። «አባቶቻችን ሆን ብለው የተዉት ነው። አራት ጎሳ ያኖረን እሱ ነው።»

ፍርዱን ለመስጠት እስከ ከሰዓቱ የአሱር ሶላት ድረስ ተነጋገሩ። ታፔላው እንዲነሳ ተወሰነ። ግን ሰው አንዴ ያነበበውን ከጭንቅላቱ ማውጣት አይቻልም አሉ፤ ከእንግዲህ ከአራቱ ጎሳ ማንም ቢያጎነብስ ወይ ተረገጠ ይባላል ወይ የሌላውን ወሰደ ይባላል። ስለዚህ ጎሳ የሌለው ሰው ያጎንብስ አሉ። ያ ሰው አንተ ነህ አሉኝ፤ በየዓመቱ፣ ጉልበትህ እስከቻለ ድረስ። ውሸት ስለጨመርክም ዳጉ አትጠየቅም። ሁለቱንም ተቀበልኩ። ቀላል ፍርድ መስሎኝ ነበር፣ እንዲያውም ተገላገልኩ ብዬ ትከሻዬ ወረደ።

ስንነሣ ሰዎቹ ወደ ሽማግሌው ሄዱ። ጨበጧቸው፣ ከበው ቁጭ አሉ፣ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሏቸው። እሳቸውም ጀመሩ። ለወራት ያጠራቀሙትን ሁሉ፣ በየመንገዱ ያዩትን፣ እኔ ስለ ጎማ የነገርኳቸውን ጭምር፣ ከማን እንደሰሙ እየጠቀሱ አወሩ። እጃቸው ይወናጨፍ ነበር። ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ አየኋቸው፤ ደስ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ። ወደ እኔ ግን ማንም አልዞረም።

በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ላይ አጎነበስኩ። ግራሩ ላይ የወጡት ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው። ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ ረዘም ያለ መሰለኝ። ጸጥ ሲል ራመድ ብዬ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። እግራቸው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ የክብደታቸው ማነስ ገረመኝ። እናቴ ከምታሸክመኝ የዱቄት ከረጢት ይቀላሉ። ሲወርዱ በእጃቸው ትከሻዬን ተደገፉ፣ ከዚያ ለቀቁኝና ወደ ዱዓው ሄዱ። ሁሉም መሬት ያይ ነበር፣ ግን ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል።

መሥሪያ ቤቴ ከዚያ ሥራ አንሥቶ ንብረት ክፍል አስገባኝ። ደሴ የተሻለ ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር፤ የእናቴ ዘመዶች ያሉት እዚያ ነው፣ ብርድ አለ፣ ዛፍ አለ። አልሄድኩም። የሥርዓቱ ቀን አይታወቅም፤ ሽማግሌዎቹ ሰማዩን አይተው ይወስኑና በዳጉ ይላካል፣ ዳጉ ደግሞ እኔ ጋ አይደርስም። የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ሥራውን ለቅቄ አዋሽ ተመለስኩ። ሰኔ ሲገባ ከአዋሽ አልወጣም፤ በጉ ሲጎተት እንዳያመልጠኝ ወንበሬን ወደ መንገድ አዙሬ እቀመጣለሁ። ሾፌሮቹ አሁን አይቀልዱብኝም። ሰዎች ይመጣሉ፣ እጄን ይጨብጣሉ፣ ከአጠገቤ ያለውን ይጠይቃሉ። ያየሁት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይቀራል።

ሽማግሌው አምና ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ይህንንም በዳጉ አልሰማሁም፤ እናቴ ነች የነገረችኝ፣ ከተቀበሩ በኋላ።

ዘንድሮ ግራሩ ሥር ስንደርስ ከጭፍራ የመጡ እንግዶች ነበሩ። አንዲት የአካባቢው ወጣት መምህርት ታሪኩን ትነግራቸዋለች። ታፔላው የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን እንደ ሽማግሌው እያለዘበች፣ ውረድ አሉት፣ አልወርድም አለ ትላለች። ጥሩ ተራኪ ናት። «ሁሉም ዝም አለ» አለች። «ከዚያ አንድ ሰው አጎነበሰ። ያ ሰው ጎሳ አልነበረውም። ከወሎ የመጣ ነው፤ እናቱ አዋሽ ላይ ፉል ትሸጥ ነበር።»

እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓለም ስትጀመር፣ ዝናብ ገና ሳይወርድ፣ እናቴ ድስቷን ጥዳ ነበር ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ። እንደሱ አይደለም፣ የመጀመሪያው አይነገርም፣ ሽማግሌው ራሳቸው ነግረውኛል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ልል ነበር። ይህን ከአፋቸው ከሰሙት ሰዎች መካከል ደብተር ይዞ የተቀመጠ እኔ ብቻ ነኝ። መምህርቷ ወደ እኔ አየች። እጄን ጨብጣ ምን ሰማህ እንድትለኝ ጠበቅኩ፤ አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ይበቃኝ ነበር። በትህትና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና ወደ እንግዶቿ ዞረች።

ግራሩ ላይ ያለው ሰው ሦስተኛውን እምቢታ ተናገረ። ጸጥ አለ፤ ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ራመድ አልኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።